የአባት ቤት ሲገመት

ቤት ገማቿን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ «አፍንጫ» ነው የሚሏት። ፊት ለፊቷም ይሏታል፣ እሷም አትቀየምም። ስሙ የወጣላት አፍንጫዋ ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ለፊቷ ያነሰ ነው። ሰው ቤት ስትገባ ሜትሯን ከማውጣቷ በፊት ሥራ የምታስጀምረው አፍንጫዋን ስለሆነ ነው። ቁም ሣጥን ከፍታ ጭንቅላቷን ታስገባለች፣ አልጋ ሥር ትንበረከካለች፣ የግድግዳውን ጥግ ጥግ እያሸተተች ትሄዳለች። ቀለም ዓይንን ያታልላል፣ መጋረጃም ያታልላል፤ የረጠበ ግድግዳ ግን ሽቶ ቢያርከፈክፉበትም ጠረኑን አይለቅም ባይ ናት።

በዚህ ሥራ ፀጉሯን አሽብታበታለች። የሰው ቤት ስትገምት ውላ ማታ የምትገባው ኪራይ ቤት ነው፤ ባሏ ከሞተባት አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ይዛ ትኖራለች። «አንቺ ይህን ሁሉ ቤት አይተሽ አንዱን እንኳ አትገዢም?» ሲሏት፣ «አይቼው ነዋ» ትላለች። ቀልድ ይመስላቸዋል። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር የዋለን ሰው ማታ እህል እንደሚዘጋው ሁሉ እሷንም ቤት የሚባል ነገር ዘግቷታል። ባሏ ድሮ ጥሏት የሄደው «በገዛ ቤቴ አልሸተትም» ብሎ ነው እየተባለ ይወራል። ሐሰት ነው። የሄደው ሌላ ሴት ወዶ ነው፤ እሱንም ቢሆን ያወቀችበት በአፍንጫዋ ነው።

ቤቱማ ምን አደረጋት፤ ድንጋይና እንጨት ነው። የሚያቅለሸልሻት ሰው ለግምት ሲል ቤቱ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ከባንክ ሊበደር ያሰበው ዋጋው እንዲወጣለት ሻጋታውን በነጭ ቀለም ለቅልቆ፣ የጎረቤት ሶፋ ተውሶ፣ በር ላይ ቆሞ በፈገግታ ይጠብቃታል። ከሚስቱ ሊፋታ የተዘጋጀው ወይም የወንድሙን ድርሻ ሊገዛ ያሰፈሰፈው ደግሞ ዋጋው እንዲወርድለት የማይሆነው የለም። አንዱማ ሳሎኑ ውስጥ የጎረቤት በጎች አሳድሮ ጠበቃት። «ምን ላድርግ እህቴ፣ ቤቱ ለሰው አይሆንም» አላት፣ በጠጡን በጫማው እየገፋ። እሷም በጎቹን አንድ በአንድ አየት አየት አድርጋ «እነዚህም ከቤቱ ጋር ይገመቱ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው በጎቹን ያስወጣበት ፍጥነት ለባልደረቦቿ የዓመት መሳቂያ ሆነ። እሷ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ እጅ እጅ ብሏት ዋለ።

ከምትገምተው ቤት ውሃ እንኳ አትጠጣም። ይህ የሙያው ወግ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ የጠጣ ገማች የወለሉ ስንጥቅ ሳይታየው ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ታዝባለች። ደግሞም ሰው ሁሉ ሳሎን ቁጭ ሊያደርጋት ሲጣደፍ እሷ ከሽንት ቤት ነው የምትጀምረው። ሳሎን ለእንግዳ የተዘጋጀ ነው፣ ሽንት ቤት ግን እንግዳ አያውቅም ትላለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሽማግሌ ደወሉላት። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው።

«ልጄ፣ ቤቴን ገምቺልኝ» አሏት። «ሁለት ልጆች አሉኝ። ዓይኔ ሳይከደን ላስማማቸው ብዬ ነው። አንዱ ቤቱን ይወስድና የግምቱን ግማሽ ለሌላው ይሰጣል። እኔ እስክሞት ጥጓ ክፍሌ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ታዲያ ዋጋውን እኔ ብናገር አያምኑኝም፣ አንዱ ቢናገር ሌላው አያምነውም። ባዕድ ይናገር አልኩ።»

«ደግ አድርገዋል አባባ» አለቻቸው። ከልቧ ነው። በቁሙ የሚያካፍል አባት ብዙ አይገኝም፤ ብዙው ካርታውን ትራሱ ሥር ይዞ ይሞትና ልጆቹን ፍርድ ቤት ያንከራትታቸዋል።

ቤቱን ማን እንደሚወስደው በቤተሰቡ የታወቀ ነው አሏት። ታላቁ ልጅ ነጋዴ ነው፣ ገንዘብ ያለው እሱ ነው። ታናሿ መምህር ናት፤ ግማሿን ተቀብላ ትወጣለች። ወንድምና እህቱ በዚሁ ሰበብ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ከርመዋል። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ሽማግሌው አንድ ነገር አስከተሉ። «ዝናብ ባለበት ቀን ብትመጪ ደስ ይለኛል።» ቤቱን ለማስገመት ዝናብ የሚመርጥ ባለቤት ገጥሟት አያውቅም። እርጅና ነው ብላ አለፈችው።

የሄደች ዕለት ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፎ ነበር። በሩን የከፈተላት ታላቁ ልጅ ነው፤ ጫማ ሱቅ ያለው፣ ፊቱ የሞላ፣ ሲናገር እጁን የሚያሻሽ ሰው። ከሚስቱ ጋር የሚኖረው እዚያው ትልቁ ቤት ውስጥ ነው፣ አባትዬው ካሉበት ክፍል ግድግዳ ለግድግዳ። እህቱ ጓሮ ባሉት ክፍሎች ትኖራለች።

«እህቴ፣ እንግዲህ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ቤቱ እንደሚያዩት ነው» አላት ገና ሳትረግጥ። «አርጅቷል። ከየት ይጀምራሉ?»

«ከሽንት ቤት።»

ደስ አለው። በሙያ ዘመኗ ከሽንት ቤት እጀምራለሁ ስትል ፊቱ ሲበራ ያየችው ሰው እሱ ብቻ ነው። ፊት ፊት እየሄደ ወሰዳትና በሩን በሰፊው ከፈተላት። ጠረኑ ገፍቶ አስወጣት። ለቀናት ውሃ አልተደፋበትም። የውሃው ባልዲ ግን ሙሉውን እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል። አንድ ሰው ሆን ብሎ፣ አስቦበት፣ በየቀኑ ያንን ባልዲ እያየ ሳይደፋ ወጥቷል ማለት ነው። መሃረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ባልዲውን በእግሯ አሳየችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቢደፋም አይወርድ» አላት።

አንስታ ደፋችው። ሽው ብሎ ወረደ። ሰውየው እጁን አሻሸ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቤት ሁሉ እሱ ነው ያስጎበኛት። ሌላው ስንጥቅ ሲደብቅባት ኖሯል፣ ይህ ስንጥቅ በጣቱ እየጠቆመ ያሳያታል፤ ያላየችው እንዳይኖር ይሰጋል። የጓዳውና የሁለቱ መኝታ ክፍሎች በሮች የሉም። «ምስጥ በላቸው» አላት። ገማቿ መቃኑ ላይ የቀረውን ማጠፊያ በጣቷ ነካች። ዘይት አለው። ምስጥ በር ይበላል፣ አይበላም አይባልም። በልቶ ሲያበቃ ማጠፊያውን ዘይት ቀብቶ የሚሄድ ምስጥ ግን ዛሬ ገና አየች። ጣቷን በመሃረቧ ጠረገች።

«የአባባ ክፍል ይቅር፣ ተኝተው ይሆናል» አለ ልጁ።

«የጠሩኝ እሳቸው ናቸው» አለችና ገፍታ ገባች።

አስቀድሞ የደረሳት ሽታው ነው። የረጠበ ብርድ ልብስ፣ የበሰበሰ ኮርኒስ፣ የሰው ትንፋሽ። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል፣ የአውቶቡስ ድርጅቱ ድሮ የሰጣቸውን የዝናብ ካፖርት እንደለበሱ። ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ። አልጋቸው ላይ። ብርድ ልብሱ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል፣ ላስቲኩ ላይ ሳፋ ተቀምጧል። ኮርኒሱ ከአልጋው በላይ እንደ እርጉዝ ሆድ ተንዘርጥጧል፤ መሃሉ ተቀዶ ጥቁር ሻጋታ ዙሪያውን በልቶታል። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ አልጋው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዞታል፤ ወዲህ ወይም ወዲያ የሚጠጋበት የለም።

«ሳሎን ይተኙ ብለናቸው ነበር፣ እምቢ አሉ» አለ ልጁ ከኋላዋ።

«ክፍሌ ነው» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩና «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ዝናቡ ግን ዘገየብሽ» አሏት።

ልጅቷ ሻይ ይዛ የገባችው ያን ጊዜ ነው። ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ጣቷ ላይ የጠመኔ ብናኝ ያለባት ሴት። ገማቿ ሻዩን አመስግና መለሰችው። ልጅቷ አልተቀየመችም። ፎጣ አምጥታ የአባቷን አንገት ጠረገችላቸው፣ ላስቲኩን አስተካከለችላቸው፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፈችላቸው። እህ፣ ቢያንስ አንድ ሰው አለ፣ አለች ገማቿ በሆዷ። አንጀቷ ራሰላት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያፈሰው?»

«ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ነው እትዬ» አለች ልጅቷ። «ከየት እንደሚያፈስ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላወቅንም።»

ገማቿ መሰላል ጠየቀች። ነጋዴው «ጣሪያው አደገኛ ነው እህቴ፣ የግድ ነው እንዴ?» ብሎ ተከራከረ። እሷ ግን መሰላሉን ራሷ ከኩሽናው ጀርባ ጎትታ አመጣችና ሱሪዋን አጥፋ ወጣች።

ቆርቆሮው አልዛገም። ምስማሮቹ በወጉ ተነቅለዋል፤ አንዲት የተጣመመች የለችም፣ ጥግ ላይ በጣሳ ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ካንዱ ወራጅ እንጨት እስከ ሌላው ያለው ቆርቆሮ ወደ ጎን ተንሸራቶ፣ ነፋስ ወደ ቦታው እንዳይመልሰው ድንጋይ ተጭኖበታል። ድቡልቡል ያለ፣ ንጹሕ፣ ለልኩ ተፈልጎ የመጣ ድንጋይ። ቀዳዳው ቀጥታ የሽማግሌው ትራስ ላይ ነው የሚያርፈው። ገማቿ እዚያው ቁጭ ብላ ድንጋዩን አየችው። ሰው እንግዲህ ይህን ድንጋይ ሲመርጥ ምን ያስባል? ይኼ ትንሽ ነው፣ ይኼ ይከብዳል፣ ይኼ ለአባዬ ልክ ነው ይላል?

ቀና ስትል የውሃ ታንከሩ ጀርባ ሸራ ተሸፍነው የተደረደሩትን በሮች አየች። ምስጥ አልነካቸውም። ያንን ጠብቃም ነበርና አልደነቃትም። ያስደነገጣት ሌላ ነው። ጣሪያው ፊት ለፊት የልጅቷ ክፍል መስኮት አለ። መጋረጃው ተሰብስቧል። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎች ደብተር ቁልል፣ ወንበሩ ወደ መስኮቱ ዞሮ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብተር የሚያርም ሰው፣ አንገቱን ቀና ባደረገ ቁጥር የሚያየው ሌላ ነገር የለም። ይህን ድንጋይ ነው የሚያየው።

ወንድሟን ፈርታ ይሆናል አለች። ሰው ደግ አድርጎ ማሰብ ሲፈልግ ምክንያት አያጣም። ወረደችና ልጅቷን ተከትላ ጓሮ ገባች።

«ስሚኝ የኔ እህት» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቀዳዳውን የከፈተው ወንድምሽ ነው። በሮቹንም ነቅሎ ደብቋል። ቤቱን በርካሽ አስገምቶ ግማሽሽን ሊበላብሽ ነው። አይዞሽ፣ ሆን ተብሎ የተበላሸ ቤት እንደ ደህና ቤት የሚገመትበት አሠራር አለ። ግማሽሽ አይነካም።»

ልጅቷ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«አይ እትዬ፣ እባክዎ እንዳለ ይተዉት» አለች። «ቤቱን የምወስደው እኔ ነኝ። የመምህራን ብድር ማኅበሩ ፈቅዶልኛል፣ እሱ አያውቅም፤ ግምቱ እንደወጣ ገንዘቡን ቀድሜው አቀርባለሁ። ግምቱ በወረደ ቁጥር እኔ ለሱ የምሰጠው ይቀንሳል። ራሱ ነው ያወረደው፤ ይቅመሰው።» ፈገግ አለች። ለዘብ ያለ፣ ክፍል ውስጥ ልጆችን የምታይበት ዓይነት ፈገግታ ነው።

«አባትሽስ?»

«አባዬን እኮ የምንከባከበው እኔ ነኝ» አለች፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። «ጠዋት ጠዋት ሳፋውን የምደፋው እኔ ነኝ። ላስቲኩንም ከራሴ ኪስ ነው የገዛሁለት። እሱ አንድ ቀን ገብቶ እንዴት አደርክ ብሎት አያውቅም።»

በሽንት ቤቱ ጠረን ያልታመመችውን ገማች ያን ጊዜ ራሷን አዞራት። ወንድምየውስ የታወቀ ነው፤ ስግብግብ ነው፣ ዓይን ያወጣ ነው፣ ሰው ጎዳሁ ብሎ እንኳ አያስብም። ይህቺ ግን አስባበታለች። ድንጋዩን በመስኮት፣ ውሃውን በሳፋ እያየች ክረምቱን ሙሉ ሁለቱን በአንድ ልብ ይዛቸዋለች። የአባቷን አንገት በፎጣ የጠረገችውም በዚያው ልብ ነው። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚባለውን ተረት ስትሰማ ኖራለች፣ ስትስቅበትም ኖራለች። አባትየው ቤቱ ውስጥ አልጋው ላይ እንዳለ መሆኑን ግን ተረቱ አልነገራትም ነበር።

ወደ ጥጓ ክፍል ተመለሰችና በሩን ዘጋች።

«አባባ፣ ይህን ቤት አልገምትም። ይህ የእርስዎ ቤት አይደለም፣ ልጆችዎ የሠሩት ቤት ነው። ላናድድዎት አልፈልግም፣ ግን...»

«የልጄ ኮቴ ይጠፋኛል?» አሉ ሽማግሌው። «ሲወጣ ሰምቼዋለሁ። ተኝቷል ብሎ ከሰዓት በኋላ ነው የወጣው። ምስማር ሲነቅል ሰማሁ። ድንጋዩን ሲያስቀምጥም ሰማሁ፤ ቀስ ነው ያደረገው፣ እንዳልነቃ ብሎ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ዝም አይነቅዝም ብዬ። መጀመሪያ ሲዘንብብኝ አይቶ ያፍራል፣ ራሱ ይዘጋዋል አልኩ። አልዘጋውም። ግድ የለም፣ እሷ ከመስኮቷ ታያለች፣ እሷ ትዘጋዋለች አልኩ።» ላስቲኩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። «እሷ ይህን አመጣችልኝ።»

ገማቿ ላስቲኩን አየችው።

«ቀዳዳዬን የዘጋልኝ ቤቱን ይውሰደው ብዬ በሆዴ ቆርጬ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ያለ ግምት፣ ያለ ግማሽ። ሳሎን ተኛ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት ለዚያ ነው። ጠብቄ ጠብቄ ክረምቱ ሊያልቅብኝ ሆነ። ምናልባት ባዕድ ሰው ሲያይባቸው ያፍሩ ይሆናል ብዬ ነው አንቺን የጠራሁሽ። በዝናብ ነይ ያልኩሽም እሱን ብዬ ነው።»

ምስኪን። ሰው ሁሉ ገመናውን እንዳታይበት ሲጠነቀቃት ኖሯል፣ እኚህ ደግሞ ገመናቸውን አይታ ልጆቻቸውን ታሳፍርልኛለች ብለው ጠርተዋታል። ይህን ሥራ ከጀመረች እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ የለም። አፍንጫ መሆኗን እንጂ ዓይን መሆኗን ማንም ፈልጎት አያውቅም።

«ልጥራቸው?» አለች።

«ጥሪያቸው።»

መጡ። ነጋዴው በሩ ላይ፣ መምህሯ አልጋው ግርጌ ቆሙ። ዝናቡም እንደተቀጣጠረ ሰው ያን ጊዜ ደረሰ። ቆርቆሮው ላይ ተንጣጣ፣ ወዲያው ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር፤ መጀመሪያ ሳፋው ላይ፣ ከዚያ ካፖርቱ ትከሻ ላይ። ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም።

«ግምቱን አልጨረስኩም» አለች ገማቿ። ድምጿን እንደ ሥራ ነገር አደረገችው። «ጣሪያው ላይ አንድ ቆርቆሮ ከቦታው ተንሸራቷል፤ ምስማሮቹ እዚያው ናቸው። በሮቹም ታንከሩ ጀርባ አሉ። እኔ የማየውን ነው የምጽፈው። አሁን ከተዘጋና ከተገጠመ እንደገና አያለሁ፣ ዋጋው ከፍ ይላል። ካልተዘጋም እንዳለ እጽፋለሁ፣ ዝቅ ይላል። እናንተ ታውቃላችሁ።»

ማንንም አልወቀሰችም፤ ለልጅቷ የነገረቻትን አሠራርም ሆን ብላ አላነሳችም። መንገዱን ጠርጋ ሰጠቻቸው። ወጥቶ መሰላሉ ላይ እግሩን የሚያደርግ ልጅ ካለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ያልፋል። ሽማግሌውም አንገታቸውን ቀና አድርገው አንዴ ወንዱን፣ አንዴ ሴቷን አዩ። እንዲያ ሰው ሲለምን አይታ አታውቅም፤ አንድ ቃል ሳያወጡ።

ነጋዴው ኮርኒሱን ገና ዛሬ እንዳየው ሰው አፍጥጦ አየውና እጁን አሻሸ። «ምን ቸኮለን» አለ። «ከግምቱ በኋላ ባለሙያ ጠርተን እናሠራዋለን።»

እህቱ ራሷን ነቀነቀች። «ይሻላል» አለች። «ለአንድ ለሁለት ቀን ምን ይሆናል። አባዬ፣ ላስቲኩን ልቀይርልህ?»

ያን ያህል ጊዜ ተኳርፈው የከረሙት ወንድምና እህት በዚህ ተስማሙ። ገማቿ መሃረቧን አውጥታ አፏ ላይ ያዘች።

ሽማግሌው የካፖርታቸውን ትከሻ በመዳፋቸው ጠረጉ።

«በቃ» አሉ። «ልጄ፣ የሚሸጥ ቤት ብለሽ ገምቺ። ለባዕድ የሚሸጥ። ካርታው በስሜ ነው፣ ባለቤቱም አልሞተም። መሪውን ገና ሳልለቅ ጭኔ ላይ የተቀመጡ ልጆች ይዤ እኔ ከዚህ በላይ መንዳት አልችልም። በዋጋው ደረቅ ክፍል እከራያለሁ፣ የሚጦረኝም ሰው እቀጥራለሁ።»

ነጋዴው ሳቀ። «አባባ ቀልደኛ ናቸው» አላት ለገማቿ። ከዚያ የአባቱን ፊት አየና ሳቁ አለቀበት። እህትየው ከንፈሯ ነጣ።

«አባዬ፣ የምርህን ነው?»

«ለባዕድ» አሉ ሽማግሌው ደግመው።

ልጅቷ ኮርኒሱን፣ ሳፋውን፣ በር የሌለውን መቃን በዓይኗ ዞረቻቸው። ቤቱ ከእጇ ወጥቷል፤ ዋጋው ግን አባቷ ሲያልፉ ዞሮ ዞሮ ወደነሱ የሚመጣ ነው። ይህን ስታሰላ ፊቷ ላይ በግልጽ ታየ። ወንድሟም እንደዚያው እያሰላ ነው። «እንዲህ ሆኖማ ለባዕድ አያሳዩትም፣ ነውር ነው» አለች።

ከዚያ ያየችው ነገር ገማቿን እስከ ዛሬ ምግብ ላይ እያለች ትዝ ሲላት ማንኪያዋን ያስቀምጣታል። ነጋዴው በዝናቡ ወጥቶ ሮጠ። ልጅቷ ተከትላው ሮጠች። እሱ መሰላሉን ሲወጣ እሷ ከሥር ያዘችለት። «ቀስ በል ጋሼ፣ እንዳያዳልጥህ» ስትለው ተሰማ፤ በስንት ጊዜያቸው። «መዶሻውን አቀብዪኝ እህትዬ» አላት። ድንጋዩ ተንከባሎ ጓሮ ወደቀ። ቆርቆሮው ተንሸራቶ ገጠመ። መዶሻው ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ።

የሻይ ውሃ የሚፈላበትን ያህል እንኳ አልፈጀም። ጠብታው ሳሳ፣ አንዲት ቀረች፣ እሷም ተንጠልጥላ ቆይታ ወደቀች። ከዚያ ክፍሏ ውስጥ ውሃ የሚባል ድምፅ ጠፋ። ዝናቡ ውጭ ይወርዳል፣ ውስጥ ግን የለም።

«እህቴ» አለ ነጋዴው ከጣሪያው ላይ እየጮኸ፣ «አሁን ይዩት፣ ልክ ሆኗል። በሮቹንም አሁን እናመጣለን።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው አልጋው ላይ፣ ጠብታው ሲያርፍ በከረመበት ቦታ ያዙት። ጥቂት ቆዩ። ምንም አልወደቀባቸውም።

«ይኸው ነበር?» አሉ።

«ይኸው ነበር አባባ» አለች ገማቿ።

የዝናብ ካፖርታቸውን አወለቁ፣ አራገፉት፣ አልጋው ሥር ያለችውን ሻንጣ ጎትተው በወጉ አጥፈው ከተቱት። ከውጭ ወንድምና እህት በር ተሸክመው እየተሳሳቁ ሲመጡ ይሰማል።

«ጻፊ ልጄ» አሏት ሽማግሌው ሻንጣውን እየዘጉ። «ጣሪያው ደህና ነው በይ።»